ያልታጠበ ጨርቅ

«አሥር ሰዓት ላይ ይመጣል አልኩሽ እኮ። እስከዚያ እንዳትነግሪያት። ካወቀች ጆንያዎቹ ላይ ተጋድማ ነው የምትጠብቀው።»

ልጃቸው ይህን ያለው በለሆሳስ ነው። ነገር ግን የኋላውን ክፍል ከሳሎኑ የሚለየው ስስ ጣውላ ስለሆነ፣ በዚያ ቤት ለሆሳስ የሚያገለግለው ለተናጋሪው ብቻ ነው። እማማ እራፊ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አንዱን ካልሲ አጥልቀው ሌላውን በእጃቸው ይዘው ነበር። እጃቸው እዚያው ቀረ። የምራታቸው ድምፅ ተከተለ። «እኔን ደስ አላለኝም። ቆራሌ ጠርቶ ለእሳቸው አለመንገር ነውር ነው።» ልጃቸው መለሰ። «ስድስት ወር ሙሉ ክፍሉ፣ ክፍሉ ስትይ የከረምሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ? ልጁን ጆንያ ላይ ልናስተኛው ነው?» ከዚያ በሩ ተዘጋ፤ የልጃቸው ጫማ ደረጃውን እየቆጠረ ወረደ፤ ከታች መንገድ ላይ እሱ የሚነዳው አውቶቡስ ሞተሩ ተነሣ።

እማማ እራፊ ሁለተኛውን ካልሲ አጠለቁ። አልተቆጡም፤ ወይም ቁጣቸውን ገና አላገኙትም፤ እንደ መነጽራቸው የሆነ ቦታ አስቀምጠው የረሱት ይመስል ነበር። ዞር ብለው ክፍሉን አዩት። አራት እርምጃ በሦስት እርምጃ ነው። ከመስኮቱ ሥር የስፌት መኪናቸው፣ ከመኪናው ቀጥሎ አልጋቸው፣ ከራስጌው የብረት ሻንጣ፤ የቀረው ሁሉ ጨርቅ ነው። አሥራ አንድ ጆንያ ቁራጭ ጨርቅ ግድግዳውን ተደግፎ ጣሪያው ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ሰማያዊዎቹ ከበሩ አጠገብ፣ ነጮቹ እንዳይቆሽሹ ከላይ፣ ቀዮቹ ወደ አልጋው፤ «ቀይ ያሞቃል» ይላሉ። ሠላሳ ዓመት የሰው ልብስ ሲሰፉ የተረፈችውን መዳፍ የምታህል ቁራጭ እንኳ አልጣሉም። ዓይናቸው ደክሞ ልብስ መስፋት ሲተዉ ቁራጮቹን እየገጣጠሙ ብርድ ልብስ መሥራት ጀመሩ። ሰፈሩ ስማቸውን ትቶ እማማ እራፊ ያላቸው ያን ጊዜ ነው፤ አሁን ከስማቸው ይልቅ ለዚህኛው ፈጥነው ይዞራሉ። እሳቸው ቤት የገባ ሰው ክር ሳይለጠፍበት አይወጣም። ምራታቸው በምትሠራበት መድኃኒት ቤት አንድ ሽማግሌ ከነጭ ካፖርቷ ላይ ቀይ ክር ለቅሞላት «ልጄ፣ ራስሽን ሳታክሚ እኛን ታክሚያለሽ?» ብሏት ያውቃል።

አንድ ሕግ አላቸው። ጨርቅ ሳይታጠብ መቀስ አይነካውም። አዲሱ ውሃ ሲያይ ይሰበሰባል፤ ርካሹ ቀለሙን ይለቃል። አንዲት ያልታጠበች ቁራጭ ብርድ ልብስ ውስጥ ከገባች በመጀመሪያው እጥበት ትኮማተርና ጎረቤቶቿን ሁሉ ይዛ ትጨማደዳለች። «ጨርቅ እንደ ሰው ነው፤ ጠባዩ የሚታወቀው ውሃ ሲነካው ነው» እያሉ ለመጣ ለሄደው ይናገራሉ። ምራታቸው ይህን በጣውላው በኩል ሦስት ዓመት ሰምታለች።

በቤቱ ውስጥ ያልታጠበ ጨርቅ አንድ ብቻ ነው። ሻንጣው ውስጥ፣ ከሁሉ በታች፣ አፉ በክር በታሰረ የወረቀት ከረጢት፣ ደረቱ ላይ ኪስ ያለው ቢጫ የልጅ ቀሚስ አለ። የሴት ልጃቸው ነው። በስድስት ዓመቷ፣ በሦስት ቀን ትኩሳት ሄደች፤ ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት። ቀሚሱን እንደ ወለቀ አጣጥፈው አስቀመጡት እንጂ ሳፋ ውስጥ አልነከሩትም። አንዳንድ ቀን ሰው በሌለበት የከረጢቱን አፍ ፈታ አድርገው አፍንጫቸውን ያስጠጉና መልሰው ያስሩታል። እጃቸውን ሰደውበት አያውቁም። ሽታው አሁን የልጅ ይሁን የወረቀት እሳቸውም አይምሉም። ወንድ ልጃቸው ያን ጊዜ ስምንት ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን «እህቴ» ሲል አልሰሙትም፤ እሳቸውም አንሥተውበት አያውቁም። ሆድ ይፍጀው ብለው፣ እናትና ልጅ ነገሩን እንደ ተሰበረ ደረጃ ተሻግረውት ያልፋሉ።

ሌላም አለ። ልጅቷ ከመታመሟ ከሳምንት በፊት ሰማያዊዋ ጠመኔ ጠፋች። ጨርቅ ላይ የሚያሰምሩባት፣ ጠፍጣፋ፣ ጥሩ ጠመኔ ነበረች፤ የደንበኛ ልብስ ለማግስቱ ተቀጥሮ ቤቱን ቢያገላብጡት የለችም። ልጅቷን ጠየቋት። «አልወሰድኩም» አለች፤ ዓይኗ ግን ወደ መሬት ነበር። በማስመሪያ መዳፏን ሁለቴ መቷት። «አልወሰድኩም» አለች ደግማ። ጠመኔዋም በዚያው ጠፍታ ቀረች። እማማ እራፊ ይህን ለማንም አልተናገሩም። ሥጋ ውስጥ እንደ ተሰበረ መርፌ ይዘውት ይዞራሉ፤ ብርድ ሲሆን ይወጋቸዋል።

ፊታቸውን ታጥበው መኪናው ላይ ተቀመጡ። ያሰቡት የልጅ ሐሳብ ነው፤ ልጅነቱ አልጠፋቸውም። ቆራሌ ጨርቅ ይወስዳል እንጂ ብርድ ልብስ አይወስድም። ስለዚህ እስከ አሥር ሰዓት የተሰፋው ይተርፋል፤ ያልተሰፋው ይሄዳል። ከእያንዳንዱ ጆንያ እፍኝ እፍኝ አወጡና ወለሉ ላይ ደረደሩት። ትንንሹን ለመግጠም ጊዜ የለም፤ ሰፋ ሰፋ ያለውን መረጡ። እግራቸው መርገጫውን ሲያገኝ መኪናው ማንኮራፋት ጀመረ፤ የጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ መርፌው ላይ ቆመች። ጥበቃው ጡረታ ሲወጣ ያሰፋው ካኪ አለፈ። የተዘጋው ሲኒማ ቤት ወይን ጠጅ መጋረጃ ተከተለው። የነርሷ ነጭ፣ የተማሪዎች ሰማያዊ፣ ሠርጓ የቀረባት ልጅ ገበር፣ አንድ ቀን ለብሶት ለቃለ መጠይቅ ሄዶ በዚያው ያልተመለሰ ወጣት ሱሪ። ሰዎቹ ሁሉ ተራቸውን ጠብቀው በመርፌው ሥር የሚያልፉ ይመስላቸው ጀመር፤ የሞቱትም ያሉትም፣ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ማንም ማንንም ሳይገፋ። አንዳንዶቹ ቀና ብለው ሰላም አሏቸው። እማማ እራፊም ሳያውቁት አንገታቸውን ሰበር አድርገው መለሱላቸው።

«እማማ፣ ቁርስ አይበሉም?»

ምራታቸው በሩ ላይ ቆማለች፤ አንድ እጇ ወገቧ ላይ ነው። ስምንተኛ ወሯ ነው፤ ከመድኃኒት ቤቱ ፈቃድ ከወጣች ሳምንት ሆኗታል።

«ይቺን ልጨርስና።»

«ዛሬ ምን አጣደፈዎት?»

«እርጅና ነዋ። እሱ እየሮጠ እኔ ልቀመጥለት?»

ምራታቸው ልትስቅ ብላ ተወችው። እማማ እራፊ መርፌና ክር ዘረጉላት። «ዓይኔ ከድቶኛል፤ እስቲ አስገቢልኝ።» ምራታቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ቁራጭ በእጇ ነክታ አታውቅም፤ ጨርቆቹ መንገዷ ላይ ከወደቁ በእግሯ ጫፍ ገለል ታደርጋቸዋለች። ክሩን በከንፈሯ አርጥባ በአንድ ጊዜ አስገባችው፤ ጫፉንም ሳይነግሯት ቋጠረችው። እማማ እራፊ ቋጠሮውን አዩት።

«የት ነው የተማርሽው?»

መርፌውን እያየች ተናገረች። «አክስቴ ዘንድ ሳድግ፣ ትምህርት ቤት ድሪቶ ነበር የሚሉኝ። ቀሚሴ የአክስቴ ልጆች ከጣሏቸው ከሦስት ቀሚሶች የተሠራ ስለነበር።»

«ማን ሰፋልሽ?»

«ራሴ።»

«ስፌቱ ይተረተር ነበር?»

«ኧረ በፍጹም።»

«እንግዲያው የሚያሙሽ አጥተው ነው።»

ልጅቷ አሁን በእውነት ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ። ሳቁ ሲያልቅ «እማማ...» አለች። «ወዬ?» ከጆንያዎቹ ላይ ዓይኗን አነሣች። «ምንም።» እማማ እራፊም አልረዷትም። ወለሉ ላይ የተዘረጋውን አዩና ለራሳቸው አጉተመተሙ። «መሐሉ ጨለመብኝ። ትንሽ ብርሃን ያለው ነገር ቢገኝ፣ ቢጫ ነገር...» ስምንት ሰዓት አለፍ ሲል ግራጫው ክር አለቀ። ነጠላ ጫማቸውን በሌላ ጫማ ለውጠው ወጡ።

ክር ሻጯ ሱቋ ጠባብ ስለሆነ ደንበኛ የምታስተናግደው እግረኛ መንገድ ላይ አቁማ ነው። ባለፈው ሳምንት ስምንት የነበረው ክር አሥር ገብቷል። «ምነው?» ሲሏት «ክሩ ያው ነው እማማ፤ የተወደደው ማጠንጠኛው ነው» አለችና ራሷ ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ልጃቸው ትናንት ቀለም ሲገዛ እንዳየችው፣ ለሚመጣው ልጅ አልጋም እንደታዘዘ፣ ቆራሌው ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ «ዛሬ ትልቅ ሥራ አለኝ» እያለ ጋሪውን ሲያጥብ እንደዋለ ነገረቻቸው። «ጨርቁን ሊለቁት ነው አሉ። እኔማ አላመንኩም።» እማማ እራፊ ክሩን ከቦርሳቸው ከተቱ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፤ እኔም ዛሬ ጠዋት ነው የሰማሁት» አሏትና መንገዱን ያዙ። ፀሐይዋ ከረር ብላለች። የእንጨት ሥራ ቤቱን አለፉ፤ ደጁ ላይ ያልተቀባ የሕፃን አልጋ ቆሟል። የማን እንደሆነ ገባቸው። ቀረብ ብለው ጎኑን ቢነኩት ልስልስ ያለ ነበር። አልጋው የት እንደሚቆም በልባቸው ለኩት፤ ከአልጋቸውና ከመኪናው መሐል አንድ ክንድ ከስንዝር ይጎድላል።

ቤታቸው ያለበት ፎቅ ሥር ሲደርሱ ቀና አሉ። በረንዳው ላይ፣ ከልጃቸው ሸሚዞች አጠገብ፣ አንድ ትንሽ ቢጫ ቀሚስ በገመዱ ላይ ተሰጥቷል።

ነፋሱ ቀሚሱን ሞላው። ደረቱ ተነፋ፣ ጫፉ ተነሣ፤ ትንሿ ልጃቸው ልብሷን ይዛ ደረጃውን ልትወርድ የምትል መሰለ። እማማ እራፊ ሕልም ይሆናል ብለው አልጠረጠሩም። ጠዋት በመርፌው ሥር ያለፉት ሰዎች መጨረሻ ላይ የቀረችው እሷ ናት፣ ተራዋ ደርሶ መጥታለች ብለው አሰቡ፤ እንዲያውም «ቀስ ብለሽ ውረጂ» ሊሏት አፋቸውን ከፍተው ነበር። ከዚያ ከቀሚሱ ጫፍ የወረደ ጠብታ ግንባራቸው ላይ አረፈ። ቀዝቃዛ ነበር። የሳሙና ውሃ ነው።

ደረጃውን እንዴት እንደወጡት አያስታውሱም። ምራታቸው እጅጌዋን ጠቅልላ፣ ፊቷ በላብ ርሶ፣ ደስ ብሏት በረንዳው ላይ ቆማለች። «ቢጫ አገኘሁልዎት! ሻንጣው ውስጥ ከሥር ተረስቶ ነው። አንገትጌው ላይ እድፍ ነበረበት፤ ሳይታጠብ ከገባ ይኮማተርብኛል ይሉ የለ፤ ዘፈዘፍኩት። በሁለት ውሃ ነው የለቀቀው።»

እማማ እራፊ የቀሚሱን ጫፍ ይዘው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ሳሙና። ከሳሙናው በታች ደግሞ ውሃ፤ ከውሃው በታች ምንም። ውሃው በጫማቸው ላይ ይንጠባጠባል። ምራታቸው ፊታቸውን አይታ እጇን በቀሚሷ ማድረቅ ጀመረች፤ የደረቀውን እጇን ደጋግማ አደረቀችው።

«እማማ? ምን አጠፋሁ?»

ሊቆጡ ፈለጉ። ጠዋት ያጡት ቁጣ አሁን እጃቸው ላይ ነበር። ግን በማን? ሕጉ የራሳቸው ነው፤ ሦስት ዓመት በጣውላ አሾልከው ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። «ምንም አላጠፋሽም» አሉ። «ሳይታጠብ አይሰፋም። እኔው ነኝ ያልኩት።» በረንዳው ላይ ካለችው አጭር ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«የማን ነው?»

«የልጄ። የባልሽ እህት።»

ምራታቸው እጇን አፏ ላይ አደረገች። በሦስት ዓመት ትዳር ባሏ እህት እንደነበረችው አልነገራትም። ከመንገዱ የመኪና ጥሩንባ ይሰማል፤ የጎረቤት ሬዲዮ የአየር ሁኔታ ያወራል። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ያላት ይመስል ወደ ውስጥ ገባችና መዳፏን ጨብጣ ተመለሰች። «ሳላጥበው በፊት ኪሱን ፈትሻለሁ። ይሄ ነበረበት።»

አውራ ጣት የምታህል ሰማያዊ ጠመኔ ናት። አንዱ ጫፏ ተበልቷል።

እማማ እራፊ ተቀብለው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ምራታቸው የሚያለቅሱ መስሏት ተንበረከከች። እየሳቁ ነበር። «ይቺ ሌባ!» አሉ። «ይቺ ደረቅ ሌባ! ደረቷ ላይ ይዛው ቆማ! አልወሰድኩም ብላ፣ ያውም ሁለቴ!» እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ነገሩን ሁሉ ነገሯት፤ ማስመሪያውን፣ መዳፏን፣ ለማግስቱ የተቀጠረውን ልብስ። «ሃያ ሁለት ዓመት በየሌሊቱ ይቅርታ ስጠይቃት የኖርኩት፣ ለካስ ከነእቃዬ ኖሯል የተኛችው!» ምራታቸውም መሳቅ አለባት ማልቀስ ሳታውቅ ሁለቱንም አደረገች።

እንዲህ ሳሉ ነው ልጃቸው ቆራሌውን አስከትሎ የመጣው። እናቱን በረንዳ ላይ ሲያያቸው ደነገጠና የተዘጋጀበትን ንግግር ጀመረ። «እማዬ፣ አየሽ፣ ለልጁ ብለን...» ቀሚሱን አየ። ንግግሩ እዚያው ቆመ። ከኋላው ቆራሌው ደረጃ በመውጣት እያለከለከ ነው።

«ማን አወጣው?» አለ፤ ድምፁ የስምንት ዓመት ልጅ ድምፅ ሆነ።

እናቱ መዳፋቸውን ዘረጉ። «ያቺ እህትህ፣ ኪሷ ውስጥ ምን እንደነበረ ተመልከት። እኔ አላመንኳትም ብዬ ስንገበገብ...»

ጠመኔዋን አልነካትም። የበረንዳውን ብረት ይዞ ቆመ። «እሷ አልወሰደችም» አለ።

«ኪሷ ውስጥ ነው የተገኘችው ስልህ!»

«የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ እማዬ። ከመኪናው መሳቢያ። ከጆንያዎቹ ኋላ ቤት ልንሥል። ያኔ ጆንያው ሦስት ነበር፤ በደረታችን ሾልከን እንገባ ነበር። አንቺ ስትጠሪን እሷ ኪስ ስላላት ለእሷ ሰጠኋት። ስትመቻት አልጋ ሥር ሆኜ እሰማ ነበር። ልነግርሽ ነበር። ከዚያ ታመመች።»

እማማ እራፊ ልጃቸውን አዩት። ግንባሩ ላይ ፀጉሩ መሳሳት ጀምሯል፤ ይህን መቼ እንደጀመረ አላዩም ነበር። ሁለቱም በአንዲት ጠመኔ፣ አንዱ በጣውላው በዚያ ወገን፣ አንዱ በዚህ ወገን፣ ለየብቻ ሲወጉ ኖረዋል።

«አላወራችብህም» አሉ።

«አላወራችም።»

«አልወሰድኩም ነው ያለችው። እውነቷን ነው።»

ቆራሌው ጉሮሮውን ጠረገ። «እናቴ፣ እኔ ደረጃውን አንዴ ከወረድኩ ተመልሼ አልወጣም። ይነሣ ወይስ አይነሣ?»

እማማ እራፊ ከወንበሩ ተነሡ። «ይነሣ» አሉ። «ከጥጉ ጀምር። ቀዩን ጆንያ ግን ተወው፤ ይሞቀኛል። አንተም ሥራ ፈት፣ እናትህን ከደበቅካት አይቀር ቢያንስ ተሸከም።» ልጃቸው ሸሚዙን ጠቅልሎ ገባ። ጆንያዎቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ ሰማያዊው፣ ካኪው፣ ነጩ። ሲያልፉ እማማ እራፊ ጎናቸውን በእጃቸው ዳበስ እያደረጉ ሸኟቸው፤ ግን አልቆጠሯቸውም፤ ዓይናቸው ጥጉ ላይ ነበር። የመጨረሻው ሲነሣ አቧራው በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ተነሥቶ ቀስ ብሎ ወረደ። ግድግዳው ላይ፣ ከጉልበት ዝቅ ብሎ፣ ፈዛዛ ሰማያዊ ቤት አለ። ጣሪያው ጠማማ ነው። መስኮት የለውም። ሁለት በር አለው።

«ለምን ሁለት?» አለች ምራታቸው።

«በእኔ በር አልገባም ብላ ነው» አለ ባሏ።

ሳሎኑ ውስጥ የቀለሙ ቆርቆሮ ገና አልተከፈተም። ማንም ስለ እሱ አላነሣም። ቆራሌው ጋሪውን እየገፋ ሲሄድ ድምፁ ከመንገዱ ተሰማ፤ ክፍሉ ባዶ ስለሆነ ድምፁ ከበፊቱ ይልቅ ጎላ ብሎ ገባ። ምራታቸው ገና በደንብ ያልደረቀውን ቀሚስ ከገመዱ አውርዳ በካውያ ተኮሰችው፤ እንፋሎቱ ሲነሣ ሦስቱም ሳያስቡት ትንፋሻቸውን ሳቡ። የካውያ ሽታ ነበር፤ ትኩስ ጨርቅ።

እማማ እራፊ ወለሉ ላይ በተዘረጋው ብርድ ልብስ ዳር ተንበረከኩ። መሐሉ ላይ አንድ ካሬ ክፍት ቦታ ይጠብቃል። ቀሚሱን አስተካክለው ጣሉትና ልጃቸውን ቀና ብለው አዩት።

«ና፣ ወጥረህ ያዝልኝ።»

ከፊት ለፊታቸው ተንበርክኮ በሁለት እጁ ያዘ። በሰማያዊዋ ጠመኔ ከኪሱ ዙሪያ አሰመሩ፤ ኪሱን ሳይነኩ፣ ለስፌት የሚሆን አንድ ጣት ትተው። ሃያ ሁለት ዓመት ኪስ ውስጥ ተኝታም አልዶለዶመችም፤ መስመሯ ቀጭንና ቀጥ ያለ ነበር። አራተኛው ጥግ ላይ ሲደርሱ በልጃቸው እጅ የተወጠረው ጨርቅ ላላ።

«አትልቀቀው» አሉት፣ መቀሱን እያነሡ። «ካላላኸው ይጣመምብኛል።»